ጓሮ የቀበርኩት ማግኔቶሜትር

ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ካለ አሮጌ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ዋናው ቤት ውስጥ አከራዬ ከላጤ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ልጃቸው አርባ ሊሞላው ትንሽ ቢቀረውም "ሚስት" ሲሉት "ቆይ እማዬ" ይላል።

እኔ የተማርኩት ፊዚክስ ነው። ፀሐይ አንዳንዴ ትፈነዳለች፤ የተፋችው ነገር ምድር ሲደርስ የምድር መግነጢስ ይናወጣል። መግነጢሳዊ ማዕበል እንለዋለን። ሰው አይሰማውም፤ ማግኔቶሜትር የሚባለው መሣሪያ ግን ይሰማዋል። መሥሪያ ቤቴ ለሙከራ አንድ ቢሰጠኝ በፕላስቲክ ቱቦ ከትቼ ጓሮ፣ ጌሾው ሥር ቀበርኩት። መኪናና ብረት የማይጠጋው ቦታ ያ ብቻ ነበር። አከራዬ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ፤ ሲመለሱ እነግራቸዋለሁ ብዬ ረሳሁት።

አንድ ቀን ቢሮ ሆኜ መሣሪያው ልኬቱን የሚልክበትን ስልኬን ባይ መስመሩ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይዘላል።

"ማዕበል!" ብዬ ጮህኩ።

አለቃዬ መነጽራቸውን አድርገው አዩት። "የሌሎቹ መለኪያ ጣቢያዎች መሣሪያ ዝም ብሏል እኮ። ፀሐይ የወጣችው አንቺ ግቢ ብቻ ነው?"

ታክሲ ይዤ ቸርችልን ሽቅብ በረርኩ። ጓሮ ስደርስ አከራዬ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው በዶማ ይቆፍራሉ።

"እትዬ! ምን እያደረጉ ነው?"

"አንቺ ንገሪኝ እንጂ!" አሉ ቱቦውን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው። "ስትቀብሪ ጎረቤት አይቶሻል። ልጄ ሰሞኑን በየቀኑ የሚላጨው፣ ሽቶ የሚቀባው ለካ በዚህ ነው! መስተፋቅር!"

ስለ ፀሐይም ስለ መግነጢስም የማውቀውን ሁሉ ዘረገፍኩ። ዶማውን ራሳቸው ወደ ቱቦው እያስጠጉ፣ እያራቁ፣ ስልኬ ላይ መስመሩ ሲዘል አዩ። ቀስ በቀስ ፊታቸው ተለወጠ።

"ስለዚህ ለልጄ አይደለም?"

"በማርያም፣ እትዬ! በፍጹም!"

እፎይ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ዶማውን ወረወሩት።

"ምን ጎደለው? ቁመት ቢሉ ቁመት፣ ሥራ ቢሉ ሥራ። አይጠጣ፣ አያጨስ! ፀሐይ ላይ ስታፈጥጪ የሰው ልጅ አይታይሽም?"

ያኔ ልጃቸው ተላጭቶ፣ ፊቱ እያብረቀረቀ በበሩ ብቅ አለ። ሁሉንም ሰምቷል።

"እማዬ፣" አለ መሬት መሬት እያየ፣ "ፋርማሲ የምትሠራ ልጅ አለች።"

አከራዬ የቆፈሩት አፈር ላይ ዘጭ አሉ። እልል ይበሉ ይቆጡ ግራ ገባቸው።

"ፋርማሲ? በይ እንግዲህ፣ መድኃኒት ያደረገችበት እሷ ናታ!"

ቱቦውን ልጃቸው መልሶ ቀበረልኝ፤ እሳቸውም ጠበል ረጩበት። ከወራት በኋላ እውነተኛው ማዕበል መጣ። መስመሩ ትንሽ ከፍ አለና ቀስ እያለ ቁልቁል ወረደ፤ የሌሎቹ ጣቢያዎችም እንደዚያው። በደስታ ሮጬ ነገርኳቸው።

አከራዬ ሰማዩን ቀና ብለው አዩ።

"ማዕበል ነው ያልሽው? ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ! ይኼን ሁሉ ልብስ አጥቤ አስጥቼ!"