ከሁለተኛው ፎቅ በላይ፣ ከሦስተኛው በታች

ፕሮፌሰሩ የኮምፒውተር ምህንድስና ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምረዋል። ትምህርት ክፍሉ ሲከፈት የነበሩት አንድ ኮምፒውተርና እሳቸው ብቻ ናቸው። ዛሬ ከመምህራኑ ግማሹ ተማሪዎቻቸው የነበሩ ናቸው፤ ኮሪደር ላይ ሲያገኟቸው ጎንበስ ብለው ሰላም ይሏቸዋል፣ ምሳ ሰዓት ላይ ግን ደፍሮ «እንሂድ» የሚላቸው የለም። ትዳሩንም «ይቺን ጥናት ልጨርስና» እያሉ ሲያሳድሩት፣ ጥናቱ ሌላ ጥናት እየወለደ ፀጉራቸው ሸበተ።

አንድ ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ ከቢሯቸው ወጥተው ሊፍት ውስጥ ገቡ። ሊፍቱ ሁለተኛውና ሦስተኛው ፎቅ መሀል ሲደርስ ቀጥ አለ። ስልካቸውን ቢሮ ረስተዋል። የአደጋ ደወሉን ቢጫኑት ድምፅ የለውም። ብልሽቱ የቱ ጋ እንደሆነ አላጡትም፤ ከውጭ ቢሆኑ በሁለት ደቂቃ ይሠሩት ነበር። ኮታቸውን አንጥፈው ተቀመጡ።

«ቤት ሳልገባ ብቀር ማን ይፈልገኛል?» ብለው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ከአንድ ጣት አላለፉም። ያቺም አንድ ጣት የታላቅ እህታቸው ናት፤ ፕሮፌሰሩ ጉባኤ ላይ ጥናት ሊያቀርቡ ሄደው ከእናታቸው ቀብር ከቀሩ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም።

አሥር ሰዓት ላይ የባልዲ ድምፅ ሰምተው በሩን ደበደቡ። የፅዳት ሠራተኛዋ ጥበቃውን ጠርታ አስከፈተችላቸው።

«ውይ፣ በሞትኩት! ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሰባት ሰዓት።»

«ቤተሰብ እንዴት ተጨንቆ ይሆን!»

«አመሻለሁ ብያቸው ነበር» ብለው ዋሹ።

በደረጃ ወደ ቢሯቸው ተመልሰው ደወሉ።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ።»

«ማን ሞተ?» አሉ እህትየው።

«ማንም። ሊፍት ውስጥ ተዘግቶብኝ ነበር።»

«ያን ሁሉ ዓመት ተምረህ አንድ በር አቃተህ?» ብለው ሳቁ። የእናታቸውን ነገር ሁለቱም አላነሱም። «በል ደህና ሁን» ተባሉ፤ አለቀ።

በሳምንቱ ሲደውሉ አልተነሳም። በሦስተኛው ቅዳሜ ተነሳ።

«ልብስ እያሰጣሁ ነው፣ ምን ነበር?»

«ምንም። እንዲያው ነው።»

«እንግዲያው ሥራዬን አልፈታም፤ ካልቸኮልክ አትዝጋው» ብለው እህትየው ስልኩን መስኮት ላይ አስቀመጡት። ፕሮፌሰሩ ባዶ ቢሯቸው ውስጥ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደለጠፉ፣ እርጥብ አንሶላ ሲራገፍ ያዳምጡ ጀመር።