ሦስት ምት

በየማለዳው ውሃውን ከመልቀቁ በፊት መዶሻውን ያነሳና የዛገውን ቧንቧ ሦስት ጊዜ ይመታዋል። ከዚያ መዶሻውን ደረቱ ላይ አቅፎ ይቆጥራል። መመሪያው እስከ አስር ይላል። እሱ እስከ መቶ ይቆጥራል።

«ጋሼ፣ ደለሉ አርጅቶ ድንጋይ ሊሆን ነው፤ አልጨረሱም?» ይለዋል የፈረቃው አለቃ በመስኮት ብቅ ብሎ።

«ትንሽ ቀረኝ» ይላል፤ ቁጥሩ እንዳይጠፋበት በጣቱ ይዞ።

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የከተማውን የውሃ ማጠራቀሚያ የታችኛውን በር ሲከፍትና ሲዘጋ ኖሯል። መሪውን እያዞረ በሩን ሲያነሳው ውሃው ሌሊቱን የተኛውን ደለል ጠራርጎ በሲሚንቶው ቦይ ቁልቁል ይወርዳል። ሦስቱ ምት ቦዩ ውስጥ ላለ ሰው ነው፤ «ውጣ፣ ውሃ መጣ» ማለት ነው። ጠራጊዎቹ በማሽን ከተተኩ ወዲህ ታች የሚወርድ ሰው የለም፤ ደንቡ ግን አልተነሳም። እስከ ዘንድሮው ዝናብ ድረስ እሱም እንደ ሰው አስር ቆጥሮ ይከፍት ነበር።

በዚያ ዝናብ ሰሞን አንዲት የዱር ዳክዬ ከቦዩ ጠርዝ፣ ሣሩ ውስጥ ዘጠኝ ጫጩት ፈለፈለች። አንድ ጭጋጋማ ማለዳ ውሃው ከነእናታቸው ቦዩ ውስጥ አገኛቸው። በሩን ዘግቶ ሲወርድ አንዷን ብቻ ከታችኛው የብረት ፍርግርግ ላይ፣ ከቅጠልና ከጭቃ ጋር ተለጥፋ አገኛት። ሌሎቹን ውሃው አልመለሰም።

«ምን ያድርጉ፤ እርስዎ አንኳኩተዋል» አለው አለቃው። «ዳክዬ መዶሻ ምን ያውቃል?»

እሱ ጫጩቷን ብብቱ ውስጥ ከቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ቤቱን የሚጋራው ከታላቅ እህቱ ጋር ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሦስት ያረጁ ዳክዬዎቿን እየነዳች መጥታ ጓሮውን ይዛለች። ወንዱን በአረማመዱ «ሻምበል» ትለዋለች። ከሁለቱ ሴቶች አንዷ አንካሳ ናት።

«ሰው በዚህ ዕድሜው የልጅ ልጅ አቅፎ ይገባል» አለች ብብቱን ገልጣ አይታ። «የኔ ወንድም ደግሞ ይኸው።»

ካርቶን ውስጥ ጨርቅ አነጠፈላት፤ አምፖል ዝቅ አድርጎ ሰቀለላት። እንቁላል ቀቅሎ በጣቱ አደቀቀላት። የመጠጫ ሳህኗን በጠጠር ሞላው፤ እናት የሌላት የዳክዬ ጫጩት ጸጉሯ ውሃ ስለሚያስገባ ብዙ ከቆየችበት ትሰጥማለች ብለውታል።

«ዳክዬን ከውሃ የሚጠብቅ ሰው አየሁ» ትላለች እህቱ። «ቀጥለህ ለዓሣው ጃንጥላ ያዝለት።»

የከበደው ጩኸቷ ነበር። አንዴ ትጮህና ዝም ትላለች፤ ዝምታው ስምንት ሌሎች ተራቸውን ጠብቀው የሚመልሱበትን ያህል ይረዝማል፤ ከዚያ እንደገና ትጮሃለች። ብቸኝነቷ ቢቀልላት ብሎ የተሰበረ መስታወት ከካርቶኑ ግድግዳ ጋር አስደገፈላት። ዝም አለች። በማለዳ ጎንበስ ብሎ ሲያያት ከመስታወቱ ጋር ተጣብቃ ተኝታ ነበር። ሁለት ሆነው ታዩት፤ ሳያስበው ሰባት እንደጎደሉ ቆጠረ።

ጠንከር ስትል ወደ ጓሮ አወጣትና በሽቦ ከልሎ ከትልልቆቹ ጎን አኖራት። ለሁለት ሳምንት በሽቦው ቀዳዳ ሲተያዩ ሰነበቱ። ሽቦው ሲነሳ ሻምበል አንዴ ጀርባዋን ነከሳትና እልሁን ተወጣ፤ አንካሳዋ ግን ዝም ብላ አጠገቧ አስተኛቻት። ቤተሰብ ሆነች ብሎ ተነፈሰ።

ችግሩ የመጣው በምግብ ሰዓት ነው። እህቱ ዳክዬዎቿን የምትጠራው የፉርሽካውን ቆርቆሮ በጭልፋ ሦስት ጊዜ መታ አድርጋ ነው። ሦስቱ ሽማግሌዎች እየተንገዳገዱ ወደ ድምፁ ይሮጣሉ። ጫጩቷ ወደ ኋላ ሸሸች። እየወደቀች እየተነሳች ጥግ ከተከመረው ጡብ አናት ላይ ወጣችና አንገቷን ወደ ታች አድርጋ ቆመች። የሚከተላት እንዳለ ሁሉ። ምግቡን ወስዶ ቢያቀርብላትም አልቀመሰችም። ስትወርድ ቆርቆሮው ባዶ ነበር።

በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን መዳፉ ላይ ሲያስቀምጣት የደረቀ ቅጠል ያህል ቀለለችው። እንዲህ ከቀጠለች ሳምንቱን አትጨርስም።

«ጆሮዋን አሟት ይሆናል» አለች እህቱ። «ምግብ ሲጠራው የሚሸሽ አፍ የት ታይቶ ያውቃል?»

«ጆሮዋ ደህና ነው።»

«ታዲያ ምን ነካት?»

ጡቡ ላይ የቆመችውን ጫጩት ብዙ ጊዜ አያት። «እትዬ፣ ቆርቆሮውን አትምቺው።»

«በምን ልጥራቸው? ደብዳቤ ልጻፍላቸው?»

የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ። «እናቷ ናት ያስተማረቻት» አለ። «ቧንቧውን ስመታ ልጆቿን ሰብስባ በቦዩ ዳር ባለው የተሸረፈ ደረጃ ወደ ላይ ትወጣ ነበር። በየቀኑ አያት ነበር። ሰው እንኳ እንዲያ አይታዘዘኝም።»

እህቱ ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች። «ያን ቀንስ ምነው አልወጣች?»

«አልመታሁም።»

«አንኳኳሁ ብለኸኝ አልነበር?»

«ብዬሻለሁ። መዝገቡም ላይ ምልክት አድርጌያለሁ። ሁለት ቀን ሳላያቸው ቀርቼ የሄዱ መሰለኝ። መዶሻው ጥበቃ ቤት ቀርቶ ነበር፤ ለመመለስ ሰነፍኩ።»

አልተቆጣችውም፤ አላጽናናችውምም። ጭልፋውን የተኛ ልጅ እንደሚያስቀምጥ ሰው በቀስታ መሬት አስቀመጠች። ከማግስቱ ጀምሮ ሳህኑን አስቀምጣ «ኑ በሉ እናንተ ሆዳሞች» እያለች በድምጿ መጥራት ጀመረች። ሻምበል ለሁለት ቀን አኮረፈ። ጫጩቷ ግን አልሸሸችም። አንካሳዋ ጎኗን ሰብሰብ አድርጋ ቦታ ለቀቀችላት፤ በላች። ዛሬ ላባ አውጥታለች፤ ውሃም አያስገባባትም። ጎረቤት ምስማር ሲመታ ብቻ ጡቡ ላይ ወጥታ ወደ ታች ታያለች።

ይህ ሁሉ እንደ ታሪክ ይጻፍ ሲባል አልተቃወመም። ስንፍናውንም፣ በመዝገቡ ላይ የዋሸውንም ጻፉት አለ። አንድ ነገር ብቻ እንዲቀርለት ለመነ።

ያን ማለዳ መሪውን እያዞረ ሳለ ጭጋጉ ለአፍታ ተገልጦ ቁልቁል አይቶ ነበር። እናቲቱ ልጆቿን ከስሯ አድርጋ ቦዩ መሃል ቆማለች። የውሃው ድምፅ ይሰማታል። አንገቷን ወደ ቧንቧው ቀና አድርጋ ምቱን ትጠብቅ ነበር።