ወንዙን ይዘን ቁልቁል

በ1972 ዓ.ም. እኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ይህን ያስታወሰኝ አሸዋ ነው። ጎረቤቴ ቤት ሊሠራ ከሮቢ ወንዝ ያስጫነውን አሸዋ ትናንት ከአጥሬ ሥር አስገለበጠው፤ ገና ውሃው አልተንጠፈጠፈም። ሽታው ሲመታኝ ከአባቴ ጋር ወንዝ ዳር ያደርኩባት ሌሊት ፊቴ ቆመች። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። አጻጻፌ ቢወላገድ ታገሱኝ፤ ነገሩ አልተወላገደም።

ታላቅ እህቴ የተዳረችው ከሸዋ ሮቢት በታች፣ ወንዙ በሚሰፋበት የቆላ መንደር ነበር። የበኩር ልጇን፣ ሴት ልጅ፣ መውለዷን የሚነግረን ሰው የመጣው ሕፃኗ አራት ቀን ሲሆናት ነው። በእኛ ዘንድ በሰባተኛው ቀን፣ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በፊት፣ ፍየል ታርዶ ዱዓ ተደርጎ ለሕፃን ስም ይወጣል። የእህቴ ባል አባት ስለሌለው ስሙን አባቴ እንዲያወጣ ፈቅዶ ላከ። በሰዓቱ ካልደረሳችሁ ግን አጎቴ ያወጣዋል አለ። አባቴ ደግሞ የሞተችውን እናቱን ስም ሊሰጣት ቆርጧል። በዕድሜው እንደዚያ አጥብቆ የፈለገው ሌላ ነገር አላየሁም።

ችግሩ ጉልበቱ ነበር። በሬ ረግጦት ቀኝ ጉልበቱ አልታጠፍ ብሏል። ጉብታውን አቋርጦ የሚሄደው መንገድ የግማሽ ቀን ነው፤ ግን አወጣጡ ዳገት፣ አወራረዱ ድንጋይ። አባቴ በዚያው እሄዳለሁ አለ። አህያ እንዋስ ስለው፣ እኔ ጨው ነኝ እንዴ የምጫነው አለኝ።

እኔም ግትር ነኝ፤ ከእሱ የወረስኩት ነው። ወንዙን ይዘን ቁልቁል እንሂድ፣ ይረዝማል እንጂ ሜዳ ነው፣ አንድ ሌሊት ወንዝ ዳር እናድራለን አልኩ። መጻፍ የቻልኩት ያን ሰሞን ስለነበር ያላየሁትንም እጽፍ ነበር። ጉዞውን በደብተር ቅጠል ላይ ጻፍኩት። ቀትር ላይ ትልቁ ሾላ። ፀሐይ እስክትበርድ በጥላው። ማታ ጠጠር መሻገሪያው፣ አዳር። ስንቁንም ጻፍኩ፤ በሶ አንድ ስልቻ፣ የማሽላ ቂጣ፣ ጨው፣ ክብሪት፣ አንድ ሰሌን፣ ሁለት ጋቢ። ውሃ አልጻፍኩም፣ ውሃው ከጎናችን ነው። ተሸካሚው እኔ። ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

"ወንዙስ ማንበብ ይችላል?" አለኝ። ከንፈሩ ግን ፈገግ አለ፤ እሺ ማለቱ ነበር።

የገበሬ ማኅበሩ የይለፍ ወረቀት እስኪሰጠን አምስተኛው ቀን አለፈ። ያን ጊዜ ያለ ወረቀት ራቅ ብሎ መሄድ ያሳስራል። በስድስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ወጣን። ደጃፍ ላይ አባቴ አንድ ነገር አስጠነቀቀኝ። ስም ያልወጣላት ሕፃን በመንገድ አትወራም፣ ዓይን ያገኛታል፤ የት ትሄዳላችሁ ላለን ሁሉ ዘመድ ጥየቃ ነው የምትለው አለኝ። እሺ አልኩ።

ጠዋቱ ያማረ ነበር። ከመስኖው የሽንኩርት ሽታ ይመጣል፣ ውሃው ጠጠሩ ላይ ያንሾካሹካል፣ ፀሐይዋ በግራሩ መሐል ተቆራርጣ አሸዋው ላይ ትወድቃለች። አባቴ እያነከሰ፣ መንዙማ በአፍንጫው እያዜመ ከፊቴ ይሄዳል። ዛሬ እዚያ ድረስ ባጃጅ ይገባል። በባጃጅ ሄጄበታለሁ፤ ከዚያ ሁሉ አንዱንም አላየሁም።

ያልጻፍኩት ነገር ሰው ነበር። ጉብታው ላይ ሰው የለም። ወንዝ ዳር ግን ውሃ ስላለ ሰው አለ፣ ያም ሰው ሁሉ አባቴን ያውቀዋል። በመጀመሪያው መንደር እርጎ ሳትቀምሱ አታልፉም አሉን፤ ጠጣን። በሁለተኛው እሸት ጠበሱልን፤ በላን። እምቢ ማለት ነውር ነው፣ የምንቸኩልበትን መናገር ደግሞ ተከልክያለሁ። ትልቁ ሾላ ስንደርስ የተሲያቱ የዐስር ሶላት ደርሷል።

ሾላው ሥር የአባቴ የድሮ የጨው ንግድ ጓደኛ ፍየሎቹን ውሃ ያጠጣል። ተቃቀፉ፣ ስለ ከብቱም ስለ ዝናቡም ተጠያየቁ። ከዚያ ሽማግሌው አንዱን ፍየል በጆሮው ያዘና ሚስቱን ቢላዋ አምጪ ብሎ ተጣራ። ፍየል ከታረደልህ እዚያው ማደርህ ነው። እዚያ ካደርን ደግሞ በዚያ ጉልበት በማግስቱ ለዙህር አንደርስም። አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ልቀቀኝ ብሎ አይለምንም፣ ምክንያቱንም አይናገርም። ዓይኑ ብቻ ወንዙን ተከትሎ ቁልቁል ሄደ። ያን ዓይን አልቻልኩትም።

"አባባ፣ ፍየሉን ይልቀቁት" አልኩ ሽማግሌውን። "ነገ ዙህር ሳይደርስ ካልገባን የእህቴን ልጅ ስም ሌላ ሰው ያወጣዋል።"

"አፍህ ክዳን የለውም" አለኝ አባቴ፣ ሳያየኝ።

ሽማግሌው ጆሮውን እንደያዘ አባቴን አየው። "አንተ ሰውዬ፣ ጨው ስንነዳ ጊንጥ ነድፎህ ሦስት ቀን ደብቀኸኛል። እግርህ ሲያብጥ ነው ያወቅሁት። ወላሂ ዛሬም ያው ነህ።" የፍየሉን ጆሮ ለቀቀና አንገቱ ላይ ገመድ አሰረ። "ለሴት ልጅ አንድ ፍየል ነው። ይኸው። እሱም በእግሩ ይሄዳል፣ እኔም እሄዳለሁ።"

ሚስቱ ቢላዋውን ይዛ ስትደርስ እኛ መንገድ ጀምረናል። የት ነው ደግሞ ብትለው፣ "ዘመድ ጥየቃ" አላት።

መሻገሪያው ጋ ስንደርስ ፀሐይ ገብታ መግሪብ ሆነ። እኔ ለስላሳው አሸዋ ላይ ሰሌኑን ዘረጋሁ። ሽማግሌው በጣርማ በር በኩል የጠቆረውን ሰማይ አየና ደጋው ሲዘንብ ቆላው ተኝቶ ይወሰዳል ብሎ ከፍ ካለው ዳርቻ አወጣን። በሶውን በወንዙ ውሃ በጠበጥኩ። አባቴ ከሾላው ወዲህ አላናገረኝም። እንጨቱ ሲጨስ፣ ቢምቢው ሲሸሽ፣ ጣሳውን ተቀብሎኝ ግማሹን ጠጣና መለሰልኝ።

"ባትናገር ኖሮ አንደርስም ነበር" አለ። "ግን አትልመደው።"

ደረስን። በሰባተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ፍየሉና ሽማግሌው ከፊት፣ አባቴ ከኋላ። እህቴ ስታየው አለቀሰች። ሕፃኗን ተቀብሎ በጆሮዋ አዛን አለ፣ ከዚያ የእናቱን ስም ሦስት ጊዜ ጠራ፤ ድምፁ በሦስተኛው ተሰበረ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ያቺ ሕፃን ዛሬ የልጆች እናት ናት፣ ስሙም የእሷ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ መነሳት አቃተው፤ ጉልበቱ ቅል አክሏል። ለሶላት የሚታጠብበትን ውሃ እህቴ በጆግ አቀረበችለት። ወንዝ ደጅህ እያለ በጆግ ይታጠባል እንዴ ብሎ መለሰው። ሁላችንንም አንድ በአንድ አየ። ከዚያ እኔን፣ "ና፣ አጎንብስ" አለኝ። አጎነበስኩ፤ ክንዱን አንገቴ ላይ ጠመጠመ፣ አዝዬው ተነሳሁ። እንዲህ መቅለሉን እስከዚያ ጠዋት አላወቅሁም። ወንዙ ቅርብ ነበር። እኔ ግን ቀስ ብዬ ሄድኩ።