ትርፍ ዕቃ

እኔ በማጸዳው የወንዝ ዳር ርካሽ ማደሪያ አንድ እንግዳ አለ፤ እንግዳ ከተባለ። ሌሎቹ በጎማ ጀልባ ፏፏቴ ሊወርዱ ይመጣሉ፣ ይጮኻሉ፣ ይሄዳሉ። የእሱን እግር ግን የወንዙ ውሃ ነክቶት አያውቅም። የሱ ሥራ የሚሄድ ሰው መጠበቅ ነው። አንዷ ቦርሳዋን መሸከፍ ስትጀምር ከየት መጣ ሳይባል አጠገቧ ዱብ ይላል።

"የኔ እህት፣ ይሄን ሁሉ ተሸክመሽ ልትሄጂ ነው? መንገደኛ እኮ መተው መቻል አለበት" ይላታል፣ ዓይኑን ከሻምፖዋ ላይ ሳይነቅል።

የግራ ነጠላ ጫማው ሰማያዊ፣ የቀኙ ቢጫ ነው። ካናቴራው ላይ የማያውቀው ሰው ስም ተጽፏል። መነጽሩ የሴት ነው። ሰው ትቶት የሄደውን ፓስታ ቀቅሎ ሲበላ ደግሞ ጌታ ነው፤ "ጨው የት ነው ያለው?" ብሎ እኔ ላይ ይጮኻል። ዓይን አውጣ!

ሲመጣ ከአንዲት ሴት ጋር ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ቦርሳዋን አዝላ ስትወጣ ሁለት ነገር ትታ ሄደች፤ መነጽሯንና እሱን። መነጽሩን ወዲያው አነሳው። እሱን ግን እስካሁን ያነሳው የለም።