የለሰንኩት የጨረቃ ጉድጓድ

በጎረቤታችን ልጅ የቀናሁት በጨረቃ የተነሳ ነው ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ። አስራ አንደኛ ክፍል ነበርን፤ በወለጋዋ ባኬ ጃማ ቤታችን አጥር ለአጥር ነው። የፊዚክስ መምህራችን ለኤግዚቢሽን የጨረቃን ጉድጓድ በጭቃ ሠርተን እንድናመጣ ሁለታችንን አዘዘን። ከሁለቱ አንዱ ይመረጣል፤ ሠሪዋ አጠገቡ ቆማ ከአርጆና ከአኖ ከተሞች ሳይቀር ለሚመጡት እንግዶች ታስረዳለች። እኔ ያን ቦታ እንቅልፍ እስኪነሳኝ ፈለግሁት።

ይገባኝም ነበር። እሷ ስትስቅ እኔ ሳነብ ነው የከረምነው። ትልቅ ድንጋይ ከሰማይ መጥቶ ጨረቃን ሲመታ ዙሪያው እንደ ከንፈር ከፍ ይላል፤ የውስጡ ግድግዳ እንደ እርሻ እርከን ደረጃ ደረጃ ይሆናል፤ ወለሉ ይደለደላል፤ መሃሉ ላይ ጉብታ ይቆማል፤ የተረጨው አፈር ወደ ውጭ ነጭ መስመር ሆኖ ርቆ ይሄዳል። ሁሉንም ከጭድ ጋር ባቦካሁት ጭቃ ሠራሁት።

ከዚያ አዳዳ፣ የአባቴ እህት፣ መጣች። በእኛ ሰፈር ሴት በምርጊቷ ትታወቃለች፤ የተሰነጠቀ ግድግዳ ለባለቤቷ ነውር ነው። አዳዳ እርከኖቼን አየችና፣ “ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ይሄን ያየ ሰው እጅ የላትም አይልሽም?” አለችኝ። እጄ ያደገው ይህን ነውር እየፈራ ነው። እበት ጨምሬ ከንፈሩንም፣ እርከኑንም፣ ጉብታውንም በመዳፌ ለሰንኩት። ሲደርቅ እርከኑ ጠፍቶ እንደ አዲስ ገበቴ ልሙጥ ሆነ።

የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ ጭቃዋን ጎድጎድ አድርጋ፣ መሃሉ ላይ እፍኝ ጣል አድርጋ፣ በረንዳ ጫፍ ላይ ትታው ኳየር ልምምድ ሄደች። ከሰዓት ዘነበ። የጣራው ጠፈጠፍ የጉድጓዱን ግድግዳ ናደው፤ ደረጃ እየሠራ ወደ ውስጥ ተንሸራተተ። በማግስቱ ፀሐይ ሰነጣጠቀው። እንደዚያው ተሸክማ መጣች።

መምህሩ የኔን አይቶ፣ ጥሩ ሳህን ይወጣዋል አለ። ክፍሉ ሳቀ። የሷን ግን ዙሪያውን እየዞረ አየው፤ እሷም ተመረጠች።

ወደ ቤት ስንመለስ አላስቻለኝም። “አንቺ መች ሠራሽው? በራሱ ነው የፈረሰው” አልኳት።

“ጨረቃ ላይስ ማን ሠራው? በራሱ አይደል የፈረሰው?” አለች፣ ሸንኮራዋን እየመጠጠች።

እውነቷን ነው። እርከኑ የሚወጣው ግድግዳው ክብደቱን መሸከም አቅቶት ሲናድ ነው፤ ያነበብኩትም ይህንኑ ነው። ያንገበገበኝም እሱ ነው፤ ሳታነብ አገኘችው።

የኤግዚቢሽኑ ቀን ከሰው መሃል ቆሜ አየኋት። በኦሮምኛም በአማርኛም እያወራች ታስቃቸዋለች። ከአርጆ የመጡ አንድ አስተማሪ መሃሉ ላይ ለምን ጉብታ እንደኖረ ጠየቋት። ጎንበስ ብላ ጉብታውን አየችው፤ አታውቀውም። ደስ አለኝ፤ ስታፍር ማየት ፈለግሁ። አላፈረችም። በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች።

“እሷ ናት የምታውቀው። ኮቱ፣ ንገሪያቸው” ብላ በኦሮምኛ ነይ አለችኝ።

ቦታውን ለቀቀችልኝ። ነገርኳቸው፤ የተመታ መሬት ወደ ታች ተጨቁኖ መልሶ እንደሚነሳ፣ ወተት ላይ ጠብታ ሲወድቅ መሃሉ ብቅ እንደሚል፣ የጨረቃ ድንጋይ ግን ብቅ እንዳለ እንደሚቀር። ሰውዬው ሌሎችን ጠርተው ድገሚላቸው አሉኝ።

ደገምኩላቸው። እሷ ግን ለስላሳ ወደሚሸጥበት ሄዳለች። እኔ ብሆን አልለቅም ነበር፤ ጥርስ ቢነከስብኝም አልለቅም። እየተናገርኩ ዓይኔ እሷ ላይ ነበር፤ ጠርሙሷን ይዛ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ትስቃለች፤ አንዴም ዞራ አላየችኝም።