ጓሮዬ ላይ የዘራሁት ጤፍ

አሁን ከሺፍት ስመለስ ልጆቼና ውሻችን ቡቺ ጓሮ ውስጥ ሲዘሉ አገኘኋቸው። የሚዘሉት በስንት ልፋት ባበቀልኩት ሣር ላይ ነው። ሣር ስላችሁ፣ ጤፍ ነው።

ቬጋስ በረሃ ነው ይባላል፤ የእኛ ጓሮ ግን ጭቃ ነው። ልጆቹ ሙቀት በመጣ ቁጥር የውሃ ጎማውን ከፍተው ከቡቺ ጋር ይራጫሉ። የሚነጠፍ ሣር ዋጋ ጠይቄ፣ ስሰማው ከሱቁ ወጣሁ። ያኔ ነው ኪችን ያለው ጤፍ ትዝ ያለኝ።

ከጎጃም የመጡት አማቴ "ልጄ፣ የጤፍ መሬት ሳይረገጥ አይዘራም" አሉኝ። ከብት ስለሌለን ልጆቹንና ቡቺን አሰማራን። እሳቸው በር ላይ ቁጭ ብለው "ርገጡ! በደንብ ርገጡ!" ይላሉ። ልጆቼ እንደዚያ ቀን ታዘው አያውቁም።

ዘራሁ፣ በቀለ። ፎቶ ሁሉ ለጥፌላችሁ ነበር።

ዛሬ "ኧረ ውጡ!" ብዬ ስጮህ የሰባት ዓመቷ ቤቲ "ዳዲ፣ አያቴ ናት እኮ ርገጡ ያለችን!" አለችኝ።

አማቴን ዞር ብዬ አየኋቸው። "እኔማ ያልኩት ከመዘራቱ በፊት ነው" አሉ። ይሄን ለቡቺ ማን ያስረዳው?

አንድ ቅጠል አልተረፈም። ጭቃው ጭራሽ ባሰበት።

በቃኝ ብዬ ልገባ ስል በሩ ላይ ያለችውን የእግር መጥረጊያ አየኋት። ልጆቹ ጭቃቸውን የሚጠርጉባት ምንጣፍ አረንጓዴ ሆናለች። ጤፌ እሷ ላይ በቅሏል።

ልጅና ውሻ እያለው ሣር ማቆየት የቻለ ካለ እስቲ ይንገረኝ። ቤቴ የምትመጡ ደግሞ፣ እባካችሁ እግራችሁን ሳትጠርጉ ግቡ።