ቢረሳው ጋዜጠኝነት ሊማር የሄደ ጊዜ

ስሙ ቢረሳው ይባል እንጂ፣ ቢረሳው ወልደሥላሴ የሚረሳው ነገር አልነበረም። በ1962 ዓ.ም. ነገሌ ውስጥ፣ ከግራሩ ጥላ ሥር አንዲት የምታነክስ ጠረጴዛ ዘርግቶ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፍ ነበር። ይርጋለም ሄዶ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ማትሪክ አልፏል፤ ግን አባቱ ሲሞቱ እናቱን ብቻቸውን መተው አልሆንለት ብሎ ተመለሰ።

ባለጉዳይ ሁሉ ታሪኩን ከአያቱ ይጀምራል። ቢረሳው ብዕሩን ያነሣና «ማን ወሰደ? ምን ወሰደ? የት? መቼ? ማን አየ?» ይላል። የቀረውን ይጥለዋል። መጨረሻው ላይ ግን «ተከሳሹ ተይዞ ይቀርብልኝ ዘንድ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ» የምትለዋን ሳይጨምር ወረቀት ከእጁ አይወጣም።

አንድ ቀን ከአብዱላሂ ሱቅ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሲዘረጋ ማስታወቂያ አየ። ዩኒቨርሲቲው ጋዜጠኝነት የሚማሩ አሥራ አምስት ሰዎች በፈተና ይቀበላል፤ ፈተናው አዲስ አበባ ነው። ቀኑን ሲቆጥር ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

«ጋዜጠኛ?» አሉ እናቱ ወይዘሮ ወለተሐና። «ጋዜጣ ለመሸጥ ነው ይሄን ሁሉ አገር የምታቋርጠው? እዚሁ ሽጣ!»

«መሸጥ አይደለም እማዬ፣ መጻፍ ነው።»

«መጻፉንማ እየጻፍክ አይደለም እንዴ?»

ነገሩን ያቃናለት የጠፋ ግመላቸውን ጉዳይ ሊያስጽፉ የመጡት የቦረና ሽማግሌ፣ ኦቦ ጎሊቻ ናቸው።

«ምንድነው የምትማረው?» አሉት።

«ወሬ አጣርቶ ለሰው መንገር ነው፣ ኦቦ ጎሊቻ።»

«ኦዱ! ወሬ ነዋ!» ብለው ሣቁ ሽማግሌው። «ለኦዱም ትምህርት ቤት አለ? እኛ ጋ መንገደኛና መንገደኛ ሲገናኝ ናጋ፣ ሰላም ይባባላል፤ ከዚያ ዝናብ የት ጣለ፣ የትኛው ጉድጓድ ውሃ አለው ይጠያየቃል። ኦዱ ላይ የዋሸ ሰው የሰው ከብት በጥም ይፈጃል። ትልቅ ሥራ ነው። ሂድ ተማር። የእኔን ግመል ግን ጽፈህ ሂድ።»

ወይዘሮ ወለተሐና ይህን ሲሰሙ «ከብት የሚያድን ከሆነስ ይሁን» ብለው በሶ ቋጠሩለት።

የሄደው ቆዳ በጫነ መኪና ላይ ነው። የወደራን ከተማ እንዳለፉ ጭቃው መኪናውን ይዞ አለቅም አለ፤ ሲገፋ ሲወጣ፣ ሲገፋ ሲወጣ፣ በአምስተኛው ቀን አዲስ አበባ ገባ። ፈተናው አዳራሽ ሲደርስ ከሁለት መቶ በላይ ሰው አግዳሚ ላይ ተጨናንቋል። እሱ ግን አንድ አግዳሚ ለብቻው አገኘ፤ የቆዳው ሽታ ጎረቤቶቹን ሁሉ አስነሥቶለት።

ባለመነጽሩ ፈታኝ ወረቀት አድለው ሳይጨርሱ በሩ ብርግድ አለ። ቡናማ ኮት የለበሰ ሰው ገብቶ፣ ከፈታኙ ጋር ሁለት ቃል ተጨቃጭቆ፣ ቦርሳቸውን መንጭቆ በመስኮት ዘለለ።

ፈታኙ ሰዓታቸውን አዩ። «ያያችሁትን ጻፉ። አርባ ደቂቃ።»

ሌሎቹ ነገሩ ገብቷቸው ፈገግ አሉ። ቢረሳው ደነገጠ። በእሱ አገር ሌባ ሲሮጥ ኡኡ ይባላል እንጂ ወረቀት አይታደልም። የከተማው ሕግ እንዲህ ይሆናል ብሎ መጻፍ ጀመረ። ፊት ለፊቱ ያለው ተፈታኝ «የሰው ልጅ ስግብግብነት እንደ ባሕር ማዕበል…» ብሎ ሲጽፍ በትከሻው አሻግሮ አነበበ። እሱ ሰዓቱን፣ የተነጋገሩትን ቃል፣ የኮቱን ቀለም፣ የሌባውን የግራ ጫማ ክር መፈታት፣ ከበሩ ስንተኛው መስኮት እንደሆነ ጻፈ። «በቦርሳው ውስጥ ምን እንዳለ አላየሁምና አልጽፍም» አለ። መደምደሚያውን ታውቁታላችሁ፤ በታላቅ ትሕትና አመለከተ።

በሦስተኛው ቀን ለቃል ፈተና ተጠራ። ገባ። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መካከለኛው ቡናማ ኮት ለብሷል።

ቢረሳው በሩን ዘግቶ በጀርባው ተደገፈው። «ፖሊስ ይጠራ! ሰውዬው እዚህ ነው!»

«ምነው ወንድሜ?» አሉ ባለመነጽሩ።

«ጌታዬ፣ ቦርሳዎን የነጠቀው ከጎንዎ ተቀምጧል!»

ባለ ኮቱ ቀይ ሽንኩርት መሰለ። «እኔ እኮ እዚሁ መምህር ነኝ! ፈተና ነበር!»

«ሌባ ተይዞ ያላመካኘበት ቀን የለም፤ እግርህን አሳየኝ!» አለ ቢረሳው። መምህሩም ግራ ገብቷቸው እግራቸውን ዘረጉ። የግራው ክር ዛሬም ተፈትቷል።

ሦስተኛው ፈታኝ ሳቁን መያዝ አቅቶት በጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ባለመነጽሩ ቦርሳውን ከወንበራቸው ሥር አውጥተው አሳዩት።

«የጎደለ ዕቃ የለም?» አለ ቢረሳው።

«የለም።»

ያኔ ነው ከበሩ የተላቀቀው። ነገሩ ሲገባው ግን መምህሩን ይቅርታ ይጠይቅ ወይስ ይሽሽ ጠፋው። መምህሩ ራሳቸው ወንበር ሳቡለት።

«ጋዜጣ እኮ አይከስስም፤ ይናገራል» አሉት ጫማቸውን እያሰሩ። «ያቺን አመለክታለሁህን ትተዋታለህ። ይልቅ 'አላየሁምና አልጽፍም' ማለትን ከማን ተማርክ?»

ቢረሳው የኦቦ ጎሊቻን ኦዱ፣ ዝናቡንና ጉድጓዱን፣ በውሸት ወሬ የሚያልቀውን ከብት ነገራቸው። ማንም አልሳቀም። ባለመነጽሩ ማስታወሻቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ።

ሳምንት ቆይቶ ዝርዝሩ ሲለጠፍ አሥራ አራተኛው እሱ ነበር። ሦስት ጊዜ አነበበው። ወደ መንገድ ሲወጣ ደስታውን የሚነግረው አንድም የሚያውቀው ሰው አጣ። ጥግ ይዛ ብርቱካን የምትሸጥ ሴት አይቶ ቀረበና፣ ሁለት ብርቱካን እያነሣ፣ «እናቴ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ» አላት።

«እሰይ! እንኳን ደስ ያለህ» አለች፤ ካነሣው በላይ አንድ ትልቅ ብርቱካን መረቀችለት። ቢረሳው ብርቱካኑን እየላጠ፣ ጭማቂው በክንዱ እየወረደ፣ ለእናቱ ሊነግር አውቶቡስ ተራውን እየጠየቀ ቁልቁል ወረደ።